በድረ ገጽ ላይ ፎቶን በሲ.ኤስ.ኤስ. ፊልተር ማስተካከል፦ ከጎንደር ፎቶዎች ጋር

በጎንደር ለእንግዳ ማረፊያዎችና ለአስጎብኚዎች ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ዘወትር የሚገጥመው ችግር የፎቶዎች አለመስማማት ነው። የፋሲል ግቢ ፎቶ በቀትር ፀሐይ ስለተነሣ ሰማዩ ነጥቶ ግንቡ ጠቁሯል፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በደብዛዛ የውስጥ ብርሃን ስለተነሣ ቢጫ ለብሷል፤ በአፄ ፋሲል መዋኛ የተነሣው የጥምቀት ፎቶ ደግሞ ስልኩ ራሱ ቀለሙን አጋንኖ አውጥቶታል። ሦስቱ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ከተማ ፎቶዎች አይመስሉም።

እያንዳንዱን ፎቶ በፎቶሾፕ ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ለአንድ ፎቶ ከሆነ የተሻለውም መንገድ እርሱ ነው። ነገር ግን የገጹ ባለቤት በየሳምንቱ አዲስ ፎቶ ከስልኩ የሚጭን ከሆነ፣ ወይም ያው ፎቶ በመግቢያው ገጽ ደመቅ ብሎ በዝርዝሩ ገጽ ረገብ ብሎ መታየት ካለበት፣ ለየሁኔታው የተለየ ፋይል ማዘጋጀት አድካሚ ነው። «ፊልተር» የተባለው የሲ.ኤስ.ኤስ. (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ባሕርይ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው። ብራውዘሩ ፎቶውን ካዘጋጀ በኋላ፣ በስክሪኑ ላይ ከማሳየቱ በፊት፣ በፒክስሎቹ ላይ የታዘዘውን ስሌት ይሠራል፤ በሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል አይነካም፣ ክብደቱም አይቀንስም። ሐሳቡ ምስል በኮድ ከሚሣልበት ቅርጸት፣ ከኤስ.ቪ.ጂ.፣ የመጣ ነው። ኤስ.ቪ.ጂ. እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጸድቅ ፊልተሮችን ይዞ ነበር፤ ለሲ.ኤስ.ኤስ. የተዘጋጀው የመጀመሪያ ረቂቅ በ2012 ወጣ፤ ፋየርፎክስ በ2015፣ ክሮም ደግሞ በ2016 ያለ ቅድመ ቅጥያ (በባሕርይው ስም ፊት የሚገባ የብራውዘሩ ምልክት) ተቀበሉት። ስለዚህ ዛሬ በሰው እጅ ባሉ ስልኮች ላይ ይሠራል ወይ ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

በዚህ ጽሑፍ የትእዛዞቹን ስም በግዕዝ ፊደል እጽፋለሁ፤ በኮዱ ውስጥ ግን ሁሉም በላቲን ፊደል፣ በተለመደው አጻጻፋቸው መግባት አለባቸው። ኮድ አርታኢዎ የስሙን መጀመሪያ ሲጽፉ ቀሪውን ስለሚጠቁምዎት አጻጻፉ አያስቸግርም።

ብርሃንና ኮንትራስት

ለመጀመር ለፎቶዎቹ አንድ ክላስ (የጋራ መጠሪያ) ይስጡና በክላሱ ሥር «ፊልተር» ብለው ባሕርይውን ይጻፉ፤ ከኮሎኑ ቀጥሎ ብራይትነስ(1.2) የሚል ዋጋ ያስገቡ። ቁጥር 1 ፎቶውን እንዳለ ይተወዋል፤ ከ1 በታች ያጨልመዋል፤ ከ1 በላይ ያበራዋል፤ 0 ፈጽሞ ጥቁር ያደርገዋል። በቁጥሩ ፈንታ 120 በመቶ ብሎ መጻፍም ይቻላል።

ሥራው ማባዛት ብቻ መሆኑን ማወቅ ብዙ ስሕተት ያድናል። የአንድ ፒክስል የብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ልክ ይቆጠራል። በ1.2 ሲባዛ 60 የነበረው 72 ይሆናል፤ 230 የነበረው ግን 276 ሊሆን ሲል ጣሪያው 255 ስለሆነ እዚያው ይቆማል። በጎንደር ቀትር ላይ የተነሣ ፎቶ ሰማዩ ቀድሞውኑ ወደ 255 የተጠጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ፀሐዩ ኃይለኛ፣ ጥላውም ጥቁር ስለሆነ፣ ብራይትነስን ብቻ የጨመረ ሰው ግንቡን ትንሽ ገልጦ ደመናውን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል።

ኮንትራስት በብርሃንና በጥላ መካከል ያለውን ርቀት ይለውጣል። መሐሉን፣ ማለትም 127.5ን፣ እንደ ምሰሶ ይዞ ከ1 በላይ ሲሆን ሁለቱን ወገኖች ያራርቃል፤ ከ1 በታች ሲሆን ያቀራርባል። ለቀትር ፎቶ የሚያስፈልገን ማቀራረቡ ነው። ኮንትራስት(0.92) ብለን ስንጽፍ 40 የነበረው የግንቡ ጥላ 47፣ 250 የነበረው ደመና 240 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ብራይትነስ(1.08) ብንጨምር ጥላው 51 ገደማ ይደርሳል፤ ደመናው ግን ከአጠገቡ ካለው ሰማይ ይለያል።

ፊልተሮች በተጻፉበት ቅደም ተከተል አንዱ በሌላው ውጤት ላይ እንደሚሠሩ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። 240 እና 250 የሆኑ ሁለት የደመና ክፍሎችን እንውሰድ። ብራይትነስ(1.08) ቀድሞ ኮንትራስት(0.92) ቢከተለው ሁለቱም መጀመሪያ 255 ላይ ይጋጫሉ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ወደ 245 ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ደመናው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። ኮንትራስቱ ሲቀድም ግን አንዱ 249፣ ሌላው 255 ስለሚሆን ልዩነቱ በከፊል ይተርፋል። ሁለቱን ፈንክሽኖች (ቅንፍ ያላቸውን ትእዛዞች) የሚለያቸው ባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ ኮማ ማስገባት መላውን መስመር ያበላሻል።

ቀለም

ሳቹሬት የቀለምን ድምቀት ይቆጣጠራል፤ 0 ቀለም አልባ ያደርጋል፤ 1 እንዳለ ይተዋል። የፋሲል ግቢ ግንቦች በኖራ የተያያዘ ጥቁርና ቡናማ ድንጋይ ስለሆኑ ሳቹሬት(1.1) በቂ ሙቀት ይሰጣቸዋል። በአንድ ወቅት ግንቦቹ ደመቅ ይበሉ ብዬ 1.8 አድርጌ የሠራሁትን ገጽ በሙያው የቆዩ አንድ አስጎብኚ ተመልክተው «ልጄ፣ ግንቡን ማን ቀለም ቀባው?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ነው» ብዬ ለማለፍ ብሞክርም፣ እንግዳ ያንን አይቶ መጥቶ ይህንን ሲያገኝ የሚጠየቁት እርሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ለሕንፃ ከ1.15 አልፌ አላውቅም። ለጥምቀት ፎቶ ደግሞ የስልኮቹን ማጋነን ለማርገብ ሳቹሬት(0.9) ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ግሬይስኬል ፎቶን ጥቁርና ነጭ ያደርጋል፤ 0 ምንም አይለውጥም፣ 1 ሙሉ በሙሉ ይለውጣል። ስሌቱ ለሦስቱ ቀለማት እኩል ድርሻ አይሰጥም፤ የሰው ዓይን ለአረንጓዴ የበለጠ ስለሚነቃ አረንጓዴው 71.52 በመቶ፣ ቀዩ 21.26 በመቶ፣ ሰማያዊው 7.22 በመቶ ይይዛሉ። ስለዚህ ንጹሕ ቀይ ወደ 54 ወርዶ ወደ ጥቁር ይጠጋል። በጥር 11 ቀን ታቦታቱን አጅበው የሚወጡትን ካህናት በቀይ ካባና በቀይ ጥላ ያነሣ ሰው ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ሲያደርገው በዓሉ ለቅሶ የመሰለ እንደሆነ ቢያስደነግጠው ምክንያቱ ይኸው ነው። ግሬይስኬል(0.6) ብሎ ቀለሙን በከፊል መተው፣ ወይም ግሬይስኬል ከመሆኑ በፊት በብራይትነስ ጥቂት ማንሣት ይሻላል።

ሴፒያ የድሮ ፎቶ ቡናማ መልክ ይሰጣል። ግሬይስኬል(1) ቀድሞ ሴፒያ(0.5) ሲከተለው ቡናማው ይታያል፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ግሬይስኬሉ ቡናማውን ጠርጎ ያወጣዋል። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች የሠሯቸውን የፒያሳ ሕንፃዎች ለሚያሳይ ገጽ ይህ መልክ ያምራል፤ ትናንት የተነሣን ፎቶ የዘመኑ ፎቶ አስመስሎ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነውና ከሥሩ የተነሣበትን ዓመት መጻፍ ተገቢ ነው።

ሂዩ-ሮቴት ቀለማትን ሁሉ በክበብ ላይ በዲግሪ ያዞራል። ለምልክቶችና ለጌጥ ይጠቅማል፤ ሰው ባለበት ፎቶ ላይ ግን 15 ዲግሪ እንኳ የቆዳን ቀለም የታመመ ያስመስላል። ብዙዎች የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቢጫነት በዚህ ለማረም ይሞክራሉ፤ የመላእክቱ ፊት ሲስተካከል በሥዕሉ ያለው ቀይ ይበላሻል። ከአጫጭሮቹ ፈንክሽኖች መካከል ነጩን ነጭ የሚያደርግ የለም። አንዱ አማራጭ ሳቹሬትን ወደ 0.85 አውርዶ ቢጫውን ማለዘብ ነው። የተሻለው ግን በገጹ ውስጥ አነስተኛ የኤስ.ቪ.ጂ. ፊልተር አስቀምጦ፣ የቀለም ማትሪክስ በተባለው ክፍሉ ቀዩን በ0.95፣ ሰማያዊውን በ1.1 አባዝቶ፣ በሲ.ኤስ.ኤስ. ደግሞ ዩ.አር.ኤል. በተባለው ፈንክሽን መለያ ስሙን መጥራት ነው። ሥራው ትንሽ ይበዛል፤ ለእንዲህ ያለ ሥዕል ግን የሚገባ ድካም ነው።

አንድ መስመር ሌላውን ሲያጠፋ

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ነገር ፊልተሮች ከተለያዩ ክላሶች አይደመሩም የሚለው ነው። ለፎቶዎች ሁሉ ኮንትራስት(0.92) ብለው ጽፈው፣ ለድሮ ፎቶዎች ብቻ በሌላ ክላስ ሴፒያ(0.5) ቢጨምሩ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካዋል እንጂ አይጨመርበትም። መፍትሔው ዋጋዎቹን በቫሪያብል (ዋጋ በስም በሚቀመጥበት ቦታ) መያዝ ነው፦ አንድ ጊዜ ኮንትራስት፣ ብራይትነስ፣ ሳቹሬትና ሴፒያ በቅደም ተከተል ተጽፈው የእያንዳንዳቸው ቁጥር ከቫሪያብል ይመጣል፤ ልዩ ክላሶች የሚለውጡት የቫሪያብሉን ቁጥር ብቻ ይሆናል።

የቫሪያብልና የክላስ ስሞች በግዕዝ ፊደል ሊጻፉ እንደሚችሉ ብዙ ሰው አያውቅም። ፋይሉ በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 (የግዕዝንም ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ) እስከተቀመጠ ድረስ በሁለት ሰረዝ የሚጀምር «ብርሃን» የተባለ ቫሪያብል፣ ወይም «ግንብ» የተባለ ክላስ ያለ ችግር ይሠራል። ከእርሱ ጋር ግን አንድ ወጥመድ አለ። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይቀየር በሴሚኮሎን ፈንታ ድርብ ሰረዝ «፤» ከተጻፈ፣ ብራውዘሩ ምልክቱን የሚያየው እንደ ፊደል ነው፤ ስለዚህ መስመሩ አላለቀም ብሎ እስከሚቀጥለው እውነተኛ ሴሚኮሎን ድረስ ያነብና ሁለቱንም መስመሮች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጥላቸዋል። በኮሎን ፈንታ «፡» ሲገባም ያው መስመር ይጣላል። በዓይን ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ግማሽ ቀን ፈልጌ ያገኘሁት ስሕተት ይህ ነበር። ፊልተር ያለ ምክንያት አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚመረመረው ሥርዓተ ነጥቡ ይሁን።

ጽሑፍ በፎቶ ላይ ሲያርፍ

በመግቢያው ሰፊ ፎቶ ላይ ነጭ ርእስ ለማስቀመጥ ፎቶውን ማጨለም ያስፈልጋል፤ ብራይትነስ(0.55) ጥሩ መነሻ ነው። ለተራ ጽሑፍ የተደራሽነት መመሪያው የሚጠይቀው ቢያንስ የ4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ስለሆነ፣ ጽሑፉ በሚያርፍበት የፎቶው በጣም ብሩሁ ቦታ ላይ መለካት ይገባል። ነገር ግን ፎቶው የሣጥኑ ጀርባ ሆኖ ጽሑፉ በዚያው ሣጥን ውስጥ ካለ፣ ፊልተሩ ጽሑፉንም አብሮ ያጨልመዋል፤ ፊልተር በአንድ ሣጥን ላይ ሲደረግ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይነካልና። ስለዚህ ፎቶው ራሱን የቻለ የምስል ታግ ይሁን፤ ጽሑፉ ከውጪ ሆኖ በላዩ ላይ ይቀመጥ።

ብለር ፎቶን ያደበዝዛል። በቅንፉ ውስጥ የሚገባው ርዝመት ነው፤ 8 ፒክስል ለጀርባ ይበቃል። ብዥታው ከጠርዙ ወደ ውጪ ስለሚፈስ ዳር ዳሩ ሣስቶ የገጹ ጀርባ ይታያል፤ ፎቶውን የተረፈውን በሚሸሽግ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ በስኬል 1.1 ጊዜ ማስፋት ጠርዙን ይሰውረዋል። ከጽሑፉ ሣጥን ጀርባ ያለውን ብቻ ማደብዘዝ ከተፈለገ ባክድሮፕ-ፊልተር የተባለው ሌላ ባሕርይ አለ፤ ሣጥኑ ግልጽነት በሌለው ቀለም ከተቀባ ግን ውጤቱ አይታይም። ይህኛው ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ክሮም በ2019፣ ፋየርፎክስ በ2022 ተቀብለውታል፤ የሳፋሪ የቀድሞ ዕትሞች ቅድመ ቅጥያ ስለሚጠይቁ ሁለቱን አጻጻፎች ማኖር ይመከራል።

ለድርጅት ዓርማ የሚሆነው ድሮፕ-ሻዶው ነው። ቦክስ-ሻዶው የተባለው የተለመደ ጥላ የሣጥኑን አራት ማዕዘን ሲከተል፣ ይህኛው ግን ጀርባው ግልጽ የሆነ ፒ.ኤን.ጂ. ምስልን ትክክለኛ ቅርጽ ይከተላል፤ በግንብ ቅርጽ የተሠራ ዓርማ ጥላው ከነጉልላቱ ይወርዳል።

ከአቀማመጥ ጋር የተያያዘ አንድ የጎንዮሽ ውጤት አለ። በአንድ ወቅት መላው ገጽ የድሮ መጽሐፍ እንዲመስል ብዬ ሴፒያን በቦዲው (የገጹን ይዘት ሁሉ በሚይዘው ክፍል) ላይ ጻፍሁ፤ ከላይ ተጣብቆ መቆየት የነበረበት ማውጫ ከገጹ ጋር አብሮ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። ፊልተር ያለበት ሣጥን በውስጡ ላሉት «ፊክስድ» ክፍሎች ማጣቀሻ ስለሚሆን የሚጣበቁት ከስክሪኑ ጋር ሳይሆን ከእርሱ ጋር ነው። ፊልተሩን ወደ ፎቶዎቹ ብቻ ሳወርደው ችግሩ ቀረ።

ስልክ፣ ጨለማና እንቅስቃሴ

ስልኩን በጨለማ ገጽታ የሚጠቀም ሰው ማታ ብሩህ ፎቶ ሲከፈትበት ዓይኑን ይወጋዋል። የቀለም ገጽታ ምርጫን በሚጠይቀው የሚዲያ ደንብ ሥር የብርሃኑን ቫሪያብል ወደ 0.85 ማውረድ ይበቃል፤ ዋጋዎቹ በቫሪያብል መያዛቸው እዚህም ላይ ሥራውን ወደ አንድ መስመር ያሳጥረዋል።

ማውሱ ሲያርፍበት ጥቁርና ነጭ የነበረ ፎቶ ወደ ቀለም የሚመለስበት አሠራር የተለመደ ነው። ሽግግሩ ለስላሳ እንዲሆን በሁለቱም ሁኔታ ውስጥ ያሉት ፈንክሽኖች በዓይነትም በቅደም ተከተልም አንድ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ፎቶው በመሐል ዘሎ ይቀየራል። ከግሬይስኬል(1) ወደ ግሬይስኬል(0)፣ በ0.3 ሴኮንድ ማድረግ ይበቃል። የሚጎበኘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ስለሆነ ግን፣ ማውስ በሌለበት ቀለሙ ፈጽሞ ሳይታይ እንዳይቀር ጥቁርና ነጩን ማውስ ላላቸው መሣሪያዎች ብቻ መወሰን ይገባል።

የቆመ ፎቶ ላይ ያለ ፊልተር ለስልኩ ቀላል ሸክም ነው። የሚከብደው ሰፊ ብለር ሲንቀሳቀስ ነው፤ በርካሽ ስልክ ላይ ገጹ ሲንሸራተት ይንተፋተፋል። ከሁሉ በፊት 4,000 ፒክስል ስፋት ያለውን የካሜራ ፎቶ ወደ 1,200 ገደማ አሳንሶ መጫን ከማንኛውም የሲ.ኤስ.ኤስ. ዘዴ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ፎቶው በቴሌግራም ከተላከ ደግሞ በፋይል መልክ እንዲላክ ይጠይቁ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ በጥላው ውስጥ የጠፋውን ዝርዝርም የትኛውም ብራይትነስ አይመልሰውም።

ፊልተር የማይሸፍነው

በጥምቀትና በሠርግ ፎቶዎች ላይ ፊታቸው እንዲታይ ያልፈቀዱ ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ይኖራሉ። በብለር ሊሸፍኗቸው ቢያስቡ ይተዉት። ፋይሉ ያልተነካ ስለሆነ፣ ፎቶውን በቀጥታ የሚከፍት ወይም በብራውዘሩ የገንቢ መሣሪያ አንዱን መስመር የሚያጠፋ ማንኛውም ሰው ፊቱን ጥርት አድርጎ ያየዋል። እንዲህ ያለው ፎቶ በፋይሉ ውስጥ ራሱ ተሸፍኖ ወይም ተቆርጦ መጫን አለበት።

ቁጥሮቹን ሲመርጡ ቢሮ ውስጥ በላፕቶፕ ብቻ አይወስኑ። እኔ ገጹን በስልኬ ከፍቼ ከፒያሳ ወደ ግቢው አጥር እወርዳለሁ፤ ግንቡን በዓይኔ፣ ፎቶውን በእጄ ይዤ አስተያያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስመለስ የምለውጠው ሳቹሬቱን ነው፤ ከ1.1 ወደ 1.05 ዝቅ አደርገዋለሁ።